የተጋደመው ቀለበት ሲቆም፦ ኮርኒያ ከዕድሜ ጋር ቅርጹን እንዴት ይለውጣል?

በመሳቢያዬ ውስጥ ሁለት የመነጽር ማዘዣዎች አሉ። አንደኛው የ27 ዓመት ወጣት ሳለሁ የተጻፈልኝ ነው፤ ወረቀቱ ወይቧል፣ እጥፋቱ ላይም ሊበጠስ ደርሷል። ሁለተኛው ባለፈው ወር፣ በ62 ዓመቴ የተሰጠኝ ነው። «ሲሊንደር» በሚለው ዓምድ ሥር ሁለቱም ወረቀቶች አንድ ቁጥር ይዘዋል፦ -0.50። «አክሲስ» የሚለው ላይ ግን አሮጌው 180 ሲል አዲሱ 90 ይላል። ቁጥሩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ግን ከአግድም ወደ ቁም ተቀይሯል።

ነገሩ ምን እንደሆነ ስጠይቅ መነጽሩን ከሠራልኝ ሰው ያገኘሁት መልስ «ዕድሜ ነው» የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ምንም አያስረዳም። ዕድሜና ዓይን ሲነሱ አብዛኞቻችን የምናስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከ40 ዓመት በኋላ መጽሐፉን እያራቁ ማንበብ፣ ሌላው ከዚያ ቆየት ብሎ የሚመጣው የዓይን ሞራ። ሁለቱም የሚደርሱት ከዓይን ውስጥ ባለው ሌንስ ላይ ነው። ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያን፣ እንደ መስኮት መስታወት እንቆጥረዋለን፤ ካልተቧጨረ በቀር እንደተገጠመ የሚኖር ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ኮርኒያ ከልደት እስከ እርጅና ቅርጹን ይለውጣል። ለውጡ እጅግ ትንሽና ዝግ ያለ ቢሆንም በአብዛኛው ሰው ላይ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ይታወቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በሞራ ቀዶ ሕክምና ዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስም ሆነ በሌዘር የሚቀረጸው ኮርኒያ ለአሥርተ ዓመታት እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ የሚሠራው ግን በአንድ ቀን ልኬት ላይ ተመሥርቶ ነው። መነጽር ቢሆን ይቀየራል። የተተከለ ሌንስ ግን እንደ መነጽር በየሁለት ዓመቱ አይቀየርም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው ይኸው ኮርኒያ ነው። በተለመደው አነጋገር ግን ብሌን ስንል ብዙ ጊዜ መካከል ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ ማለታችን ስለሆነ፣ እንዳይደባለቅ ኮርኒያ በሚለው እቀጥላለሁ። የእጅ ሰዓት መስታወት በሰዓቱ ፊት ላይ ጎበጥ ብሎ እንደሚቀመጥ ኮርኒያም በዓይን ፊት ላይ እንዲሁ ተቀምጧል። የጎን ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከላይ ወደ ታች ከዚያ ጥቂት ያንሳል። ውፍረቱ መካከሉ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ጠርዙ እየወፈረ ይሄዳል። የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ጥርት ብሎ ብርሃን ማሳለፍ ባልቻለ ነበር።

ብርሃንን አጥፎ ከዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና ላይ የሚሰበስበው በዋናነት ሌንሱ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ብርሃን የማጠፍ ኃይል የሚለካው በዳዮፕተር ነው። የዓይን ጠቅላላ ኃይል 60 ዳዮፕተር ገደማ ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 43 ያህሉ የኮርኒያ ድርሻ ነው። ሌንሱ የሚሠራው በቀረው ነው፤ እሱ እየወፈረና እየሳሳ ከሩቅ ወደ ቅርብ ያስተካክላል። ይህን የሥራ ክፍፍል ከለዩት ቀዳሚዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1801 ባቀረበው ጥናት ውኃ የሞላበት ትንሽ ዕቃ ፊቱን በሌንስ ዘግቶ ዓይኑ ላይ ገጠመ። ውኃ ኮርኒያውን ሲነካ የኮርኒያው ብርሃን የማጠፍ ኃይል ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ምክንያቱም ውኃና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ተቀራራቢ ነው። ውኃ ውስጥ ዓይናችንን ገልጠን ስናይ ሁሉ ነገር የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው። ያንግ ኮርኒያውን በዚህ መንገድ ከጨዋታ ውጭ ካደረገው በኋላም ዓይኑ ከሩቅ ወደ ቅርብ ማስተካከሉን አላቆመም። ስለዚህ ያ ሥራ የኮርኒያ ሊሆን አይችልም አለ። በዚያው ጥናት ዓይኑ ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደማይሰበስብም ተገነዘበ።

ይህ እኩል አለመሰብሰብ በኋላ አስቲግማቲዝም ተባለ። ፍጹም ክብ የሆነ ኳስ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ ጉብጠቱ አንድ ነው። የኮርኒያ ፊት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም፤ በአንዱ አቅጣጫ ይበልጥ ጎበጥ፣ በሌላው ለጥ ያለ ነው። ጎበጥ ያለው አቅጣጫ ብርሃንን ቀደም ብሎ፣ ለጥ ያለው ዘግይቶ ይሰበስባል። ውጤቱም አንድ ነጥብ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ጭረት መታየቱ ነው። በመነጽር ማዘዣ ላይ «ሲሊንደር» የሚለው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ «አክሲስ» የሚለው ደግሞ ማስተካከያው በየትኛው አንግል እንደሚቀመጥ።

ይህን ልዩነት በዓይን ለማየት የሚያስችል ቀላል መሣሪያ አለ። ፖርቱጋላዊው የዓይን ሐኪም አንቶኒዮ ፕላሲዶ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓመታት አካባቢ ያስተዋወቀው ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ክብ ቀለበቶች የተሳሉበት ሆኖ መካከሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ሐኪሙ ሰሌዳውን ከታካሚው ዓይን ፊት ይይዝና በቀዳዳው አሻግሮ ያያል። ኮርኒያ በእንባ የረጠበ ስለሆነ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ቀለበቶቹም ላዩ ላይ ይታያሉ። ዛሬ በየክሊኒኩ ያለው ባለ ኮምፒውተር መሣሪያ፣ አገጭ አስደግፈው የሚያበራውን ቀለበት እንዲመለከቱ የሚጠየቁበት ማለት ነው፣ የዚያ ሰሌዳ ልጅ ነው።

ጉብጠት በበረታበት አቅጣጫ የሚንጸባረቀው ምስል ይጨመቃል። የአንድን ወጣት ዓይን በዚህ መሣሪያ ስንመለከት ቀለበቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከላይና ከታች ተጨምቀው ወደ ጎን የረዘሙ፣ እንደ ተጋደመ እንቁላል ናቸው። ይህም ማለት ኮርኒያው ከላይ ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ጎበጥ ብሏል ማለት ነው። የ70 ዓመት ሰው ዓይን ላይ ግን ቀለበቶቹን ብዙ ጊዜ ከግራና ከቀኝ ተጨምቀው እናገኛቸዋለን፤ እንቁላሉ ቆሟል።

በሕክምናው ቋንቋ የመጀመሪያው «ደንቡን የተከተለ»፣ ሁለተኛው «ደንቡን የተቃረነ» አስቲግማቲዝም ይባላል። ስያሜው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ደንቡን ያወጣው ማን ነው? ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን ብቻ ሰብስበን ብንለካ ኖሮ አብዛኛው ሰው «ደንብ የተቃረነ» ሆኖ ስለሚገኝ ስሙ ተገልብጦ ይወጣ ነበር። ደንቡ የወጣቶች ደንብ ነው።

የኮርኒያ ጉዞ የሚጀምረው ግን ከወጣትነት በፊት ነው፤ ፍጥነቱም በሕፃንነት ተወዳዳሪ የለውም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሲያድግ 24 ይጠጋል። በዚያች አጭር ዓይን ውስጥ ብርሃኑ ሬቲና ላይ እንዲደርስ ኮርኒያው ጠንከር ያለ ጉብጠት ያስፈልገዋል፣ አለውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዓይኑ ወደ ኋላ ሲረዝም ኮርኒያው ለጥ እያለ ይከተላል፤ ሁለት ዓመት አካባቢ ላይ ወደ አዋቂ ሰው መጠን ይቃረባል። ርዝመትና ጉብጠት ተናበው ማደጋቸው እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ቢዘገይ ልጁ ቅርብ ወይም ሩቅ የማየት ችግር ይዞ ያድጋል። ከዚያ በኋላ እስከ ጎልማሳነት ያለው ጊዜ በአንጻሩ ጸጥ ያለ ነው።

ቀጣዩ ለውጥ ብቅ የሚለው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የቁሙ አቅጣጫ ከአግድሙ ጋር ሲነጻጸር ቀስ በቀስ ብልጫውን ያጣል፤ አግድሙ ይጎብጣል። በአማካይ በየአሥር ዓመቱ ሩብ ዳዮፕተር ገደማ ወደ «ተቃራኒው» ይሄዳል። እዚህ ላይ የእኔን ሁለት ወረቀቶች አንድ ጊዜ መመልከት ይጠቅማል። የሲሊንደሩ ቁጥር ያው -0.50 ስለሆነ ምንም ያልተለወጠ፣ ወይም አንድ ነገር ቀስ እያለ ከ180 ወደ 90 የተሽከረከረ ሊመስል ይችላል። የሆነው ሌላ ነው። የወጣትነቱ ግማሽ ዳዮፕተር እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ደረሰ፤ በዚያ ወቅት ኮርኒያዬ ከሞላ ጎደል ክብ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በሌላው አቅጣጫ ግማሽ ዳዮፕተር ተጠራቀመ። ጠቅላላ ለውጡ አንድ ሙሉ ዳዮፕተር ነው። መካከል ላይ የሆነ ዓመት ያለ ሲሊንደር ማየት እችል ነበር፤ አልተለካሁምና አላወቅሁም።

ሩብ ዳዮፕተር በቁስ ሲተረጎም ምን ያህል ነው? የኮርኒያ ፊት የጉብጠት ሬዲየስ በአማካይ 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። በሩብ ዳዮፕተር ለመለወጥ ይህ ሬዲየስ ከ50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ባነሰ ቢቀየር ይበቃል። በላዩ ከፍታ ሲሰላ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ መካከል ላይ ባለው የ3 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ የጉልላቱ ቁመት የሚለወጠው ከ1 ማይክሮን ባነሰ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ጎን 7 ወይም 8 ማይክሮን ይሆናል። እንግዲህ አሥር ዓመት ሙሉ የተካሄደው ለውጥ ከአንድ የደም ሕዋስ ስፋት እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የመነጽር ቁጥር ለመቀየር ይበቃል።

ይህ በእይታ ላይ የሚያደርሰውን ለማስረዳት የራሳችን ፊደል ከማንም የተሻለ ሰሌዳ ነው። ከሁለቱ አቅጣጫዎች አንዱ ብርሃኑን ሬቲና ላይ በትክክል የሚያሳርፍ፣ ሌላው ቀድሞ የሚሰበስብ ዓይን እንውሰድ። በወጣቱ ዓይነት አስቲግማቲዝም ብዥታው ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል። ስለዚህ ቋሚ መስመሮች ጥርት ሲሉ አግድም ጭረቶች ይደበዝዛሉ። በሩቅ ሰሌዳ ላይ «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለየው አግድም ጭረት ነው፤ የሚጠፋውም እሱ ነው። ከእርጅናው ዓይነት ጋር ነገሩ ይገለበጣል። ብዥታው ወደ ጎን ስለሚዘረጋ እግሮች ይደበዝዛሉ፤ «ሐ» ሁለት እግር ይኑራት ሦስት መለየት ያስቸግራል፣ የ«ሸ» ክዳን ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእርግጥ የእውነተኛ ሰው ዓይን እንዲህ ንጹሕ ምሳሌ አይሆንም፤ ሩቅ ወይም ቅርብ የማየት ችግር ከተጨመረበት ስሌቱ ይለወጣል። ነገር ግን «ጽሑፉ አይታየኝም ሳይሆን ይደራረብብኛል» የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት ይህንን ነው።

መጠነኛ ካሳም አለው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለሩቅ ብቻ የሚሆን ሌንስ ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል ጥቂት «ደንብ የተቃረነ» አስቲግማቲዝም የቀረላቸው አንዳንዶቹ ያለ መነጽር ቅርብ ማንበብ ይቀናቸዋል። የጎበጠው አግድም አቅጣጫ ትኩረቱ ወደ ቅርብ ስለሚመጣ በቅርብ ርቀት ላይ ቋሚ መስመሮችን ያጠራል። በሩቅ የጠፉት እግሮች ገጹ ላይ ይመለሳሉ ማለት ነው። ጥርት ያለ እይታ ነው ለማለት አይቻልም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ለማንበብ ግን አንዳንዴ ይበቃል።

ለምን ይሆናል?

በብዙ ገለጻዎች ላይ የሚገኘው መልስ የዓይን ቆብ ነው። በወጣትነት ቆቡ ጠበቅ ያለ ነው፤ ከላይና ከታች ኮርኒያውን ጫን ስለሚል የቁሙን አቅጣጫ ያጎብጠዋል። ዕድሜ ሲገፋ ቆቡ ይላላል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቁሙም ጉብጠት ይረግባል። ሐሳቡ ለመሳልም ለማስረዳትም ቀላል ነው፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ የተወደደውም በዚህ ቀላልነቱ ሳይሆን አይቀርም።

መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። የቆቡ ግፊት ኮርኒያን እንደሚቀርጽ ማንም በራሱ ላይ ሊያስተውል ይችላል። አንድ ሰዓት ያህል ወደ ታች አጎንብሰው ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው አንድ ዓይንዎን ሸፍነው የሩቅ ጽሑፍ ይመልከቱ። አንዳንድ ሰው በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ከላይ ወይም ከታች ጥላ የመሰለ ሌላ ፊደል ያያል። ሲያነቡ የቆቡ ጠርዝ ኮርኒያው ላይ አርፎ ስስ ጎድጓዳ መስመር ትቷል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መስመሩ ይጠፋል። ቻላዚዮን የሚባለው በቆብ ውስጥ የሚወጣ ጠጣር እብጠትም ኮርኒያውን ተጭኖ አስቲግማቲዝም ሊያመጣ፣ እብጠቱ ሲወገድም ሊቀንስ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ቆቡ ጥፋተኛ ነው።

ነገር ግን ቆቡን ከኮርኒያው ላይ አንስተው ሲለኩ የተወሰነ ለውጥ ቢታይም አስቲግማቲዝሙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቅርጹ በራሱ በኮርኒያው ሥሪት ውስጥም ተጽፏል ማለት ነው። ከኮርኒያ ውፍረት 90 ከመቶ ያህሉ ስትሮማ የሚባለው ክፍል ነው፤ በውስጡ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ተነባብረው ተደርድረዋል። እነዚህ ክሮች በዘፈቀደ የተጣሉ አይደሉም። በኤክስሬይ ሲጠኑ መካከሉ ላይ በብዛት ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ በርሜል ማሰሪያ ዙሪያውን ተዘርግተው ተገኝተዋል። ከውስጥ የዓይኑ ግፊት ይገፋል፣ ክሮቹ ይይዛሉ፤ ቅርጹ የዚህ ፍልሚያ ውጤት ነው።

እዚህ ጋ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በለገሱ ሰዎች ኮርኒያ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ኮርኒያ ሲያረጅ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። በሰውነት ውስጥ ያለ ስኳር ከኮላጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተጣበቀ በክሮቹ መካከል ተጨማሪ ማሰሪያ ይፈጥራል። እየጠነከረ የሚሄድ ነገር እንዴት ቅርጹን ይለውጣል? እኔን የሚያሳምነኝ መልስ ሁሉም ነገር በአንድነት አይቀየርም የሚለው ነው፤ ቆቡ ይላላል፣ ክሮቹ ይጠነክራሉ፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ሚዛንም ለ40 ዓመት እንደቆመ አይቀጥልም። አንድ ምክንያት ብቻ ነጥሎ «ይሄ ነው» ማለት ለተማሪ ያመቻል፤ ለታካሚ ግን ያን ያህል አይጠቅምም።

የመጠንከሩን ነገር ሕክምናው ተጠቅሞበታል። ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም የወጣቶች ኮርኒያ ሳስቶ ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ ይወጣል። ሕመሙ በጉርምስናና በሃያዎቹ ዕድሜ ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ ከ35 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ፍጥነቱ ይገታል፤ ለዚህም አንዱ ማብራሪያ ዕድሜ በተፈጥሮ የሚያመጣው ማሰሪያ ነው። ጀርመን ውስጥ በድሬስደን የነበሩ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሥራ ማፋጠን ቻሉ። ኮርኒያውን ሪቦፍላቪን ማለትም ቫይታሚን ቢ2 ያጠጡታል፣ ከዚያ አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ያሳርፉበታል። በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ማሰሪያ ይፈጠራል። የአንድን ወጣት ኮርኒያ ሆን ብሎ ማስረጀት ነው ቢባል ብዙም አልተሳሳተም።

የተረሳው ጀርባ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ኮርኒያ ፊት ነው። ጀርባም አለው፤ ለረጅም ጊዜም ማንም ቁብ ሳይሰጠው ኖሯል። ፊቱ 48 ዳዮፕተር ያህል ይጨምራል፤ ጀርባው ወደ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ስለሚዋሰን 6 ያህል ይቀንሳል። ለመቶ ዓመት ያገለገለው ኬራቶሜትር የሚለካው ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀርባውን ከፊቱ ጋር ባለው የተለመደ ምጥጥን ገምቶ ያልፋል።

ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ኤሚል ዣቫል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተውሎ ነበር። የሰዎችን ኮርኒያ በመሣሪያ ለክቶ ከሚያስፈልጋቸው መነጽር ጋር ሲያነጻጽር ሁልጊዜ ግማሽ ዳዮፕተር ያህል ልዩነት ያገኛል፤ ልዩነቱም ዘወትር ወደ «ተቃራኒው» ነው። ዣቫል ይህን በቀመር አስቀመጠው፤ ከየት እንደመጣ ግን በመሣሪያው ሊያይ አልቻለም። ጀርባውን በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎች ከመጡ በኋላ ነው የዚህ ልዩነት ትልቁ ክፍል የተገኘው። የኮርኒያ ጀርባ በአብዛኛው ሰው ከላይ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው፤ ኃይሉ ቀናሽ ስለሆነ ውጤቱ ግልብጥ ሆኖ በአማካይ 0.3 ዳዮፕተር ያህል «ደንብ የተቃረነ» አስቲግማቲዝም ይሰጣል። ፊቱ በዕድሜ ሲገለበጥ ጀርባው እምብዛም አይለወጥም። በወጣትነት የፊቱን ትርፍ ያጣፋ የነበረው፣ በእርጅና በዕዳው ላይ ይደመራል።

ሌንስ ሲተከል

የሞራ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ በብዛት ከሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ደግሞ ቶሪክ የሚባል፣ እንደ መነጽሩ ሲሊንደር ያለው ሌንስ መምረጥ ይቻላል። ቶሪክ ሌንስ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉት፤ ሐኪሙ ምልክቶቹን ከኮርኒያው አቅጣጫ ጋር ያገጥማል። ሌንሱ በአንድ ዲግሪ ቢዞር ከማስተካከል አቅሙ 3 ከመቶ ገደማ ያጣል፤ በ30 ዲግሪ ከዞረ ምንም እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ችግሩ ኮርኒያው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መንገዱን አለማቆሙ ነው። ሌንሳቸው የተቀየረላቸው ሰዎች ለዓመታት ተከታትለው ሲለኩ ኮርኒያቸው ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ሰው ጋር በሚመሳሰል ፍጥነት ወደ «ተቃራኒው» ሄዷል። ስለዚህ ለ60 ዓመት ሰው ዛሬ ፍጹም ዜሮ የሚያደርግ ሌንስ መምረጥ በ80 ዓመቱ ግማሽ ዳዮፕተር እንዲያተርፍ መፍረድ ነው። ብዙ ቀዳጅ ሐኪሞች ሆን ብለው ጥቂት የወጣቱን ዓይነት አስቲግማቲዝም የሚተዉት ለዚህ ነው። ጀርባውንም ያልቆጠረ ስሌት በወጣቱ ዓይነት ላይ አብዝቶ፣ በእርጅናው ዓይነት ላይ አሳንሶ ያርማል።

ቢላው የሚገባበት ቦታ እንኳን የዚህ ስሌት አካል ነው። ኮርኒያ በተቆረጠበት አቅጣጫ ለጥ ይላል። ቀድሞ ሰፊው ቁርጥ ከላይ በኩል ይደረግ ስለነበር ዕድሜ ሊያመጣ የነበረውን ያባብስ ነበር። ዛሬ የተለመደው ከሦስት ሚሊ ሜትር ያነሰ ቁርጥ በጆሮ በኩል ሲገባ የአግድሙን ጉብጠት ጥቂት ያረግባል፤ ለአረጋዊ ዓይን የሚስማማውም እሱ ነው።

ኮርኒያ ሕያው መሆኑን የረሳ ሕክምና ምን እንደሚያስከትል አንድ ትልቅ ማስረጃ አለ። ሌዘር ከመለመዱ በፊት ቅርብ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ኮርኒያ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከመካከል ወደ ጠርዝ በሚዘረጉ ቁርጦች ይረግብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ታካሚዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው 43 ከመቶ የሚሆኑት ዓይኖች አንድ ዳዮፕተር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሩቅ ተመልካችነት ተንሸራተዋል። ቁርጦቹ የተሰሉት ለቀዶ ሕክምናው ቀን ነበር፤ ኮርኒያው ግን ለጥ ማለቱን ቀጠለ። ሌዘር ከዚህ እጅግ የተረጋጋ ነው፤ ቢሆንም የፊቱ ቅርጽ ከጀርባው ጋር የነበረውን ምጥጥን ስለሚያፈርስ፣ ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ሞራ ሲይዘው የሌንሱን ቁጥር ማስላት ይከብዳል። በሌዘር የታከመ ሰው ከሕክምናው በፊት የነበረውን ልኬት መዝግቦ ማቆየት ያለበት ለዚህ ነው።

ሁሉ ነገር ግን ዕድሜ አይደለም። የዕድሜ ለውጥ ዝግተኛና በሁለቱም ዓይኖች ተመሳሳይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዳዮፕተር የዘለለ ወይም በአንድ ዓይን ብቻ የመጣ አስቲግማቲዝም ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። በወጣት ኬራቶኮነስ፣ ለፀሐይና ለአቧራ በተጋለጠ ሰው ከነጩ በኩል ወደ ኮርኒያ የሚገባው ቴሪጂየም የሚባለው ሥጋ፣ ወይም ኮርኒያን የሚቀርጽ ጠንካራ የንክኪ ሌንስ ሊሆን ይችላል። በአረጋውያን ኮርኒያ ዙሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ቀለበት ደግሞ በተቃራኒው ብዙዎችን በከንቱ ያስደነግጣል፤ እሱ የስብ ክምችት ነው፣ ቅርጹን አይነካም።

የራሱን ዓይን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በመጽሐፍ ብቻ። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ቢደል ኤሪ በግራ ዓይኑ ኮከቦች ተጎትተው ይታዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ራሱ አስልቶ ባለ ሲሊንደር ሌንስ አሠርቶ አደረገ። የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፤ እስከ እርጅናው ድረስ ያንኑ ዓይን ደጋግሞ እየለካ ለውጡን በየጊዜው አሳተመ።

እኔ እንደ ኤሪ አልተጋሁም፤ ያለኝ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው። ባለፈው ወር የመረመረችኝ ሐኪም የሞራ ጅማሬ እንዳለብኝ ነግራኝ ስታበቃ «አሮጌ ማዘዣ ካለዎት ይዘው ይምጡልኝ» አለችኝ። ይዤ ሄድኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ከአዲሱ ቀጥሎ በእርሳስ ሦስተኛ ቁጥር ጻፈች፤ የ80 ዓመቴን መሆኑ ነው። «ዶክተር፣ እንግዲህ ሌንሱ የሚመረጠው ለየትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና መሣሪያው ላይ የተነሳውን ምስል አሳየችኝ። ቀለበቶቹ ቆመዋል፤ ጠርዛቸው ግን የተነካካ ክር ይመስላል። ዓይኔ ደርቆ ስለነበር እንባው ተሰባብሮ ነው፤ በዚህ ልኬት ሌንስ አይመረጥም። የእንባ ጠብታ አዝዛልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድመለስ ቀጠረችኝ።